ንግግሩን የጨረስኩላቸው ዕለት

እኔ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ የአገር መሪ ሆኜ አውቃለሁ። ለሩብ ሰዓት ያህል። የሾመኝ የለም፤ መብራት ጠፋ፣ የስልኬ ባትሪ አለቀ፣ እኔም ሆንኩ። ከዚያች ሩብ ሰዓት በኋላ ግን ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሥልጣን የሚመኝ ወዳጅ ካላችሁ ወደ እኔ ላኩት፣ ልምከረው።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ቡራዩ ውስጥ የአንድ ቀበሌ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፣ የጠፋውን ከባለጉዳዩ ጋር አብሬ እፈልጋለሁ። አባቴ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ ሱቅ ከፍቶ የቀረ ነጋዴ ነው፤ እኔ ግን ከሰፈሩ ልጆች ጋር አፈር ፈጭቼ ስላደግኩ ኦሮምኛውን ከአማርኛው ለይቼ አላየውም። እኛ ጋ ይሄ ብርቅ አይደለም፣ ሁሉም ሁለቱን እያቀላቀለ ነው የሚያወራው። ብርቁ ነገር ማይክ ፊት ቆሞ ምላሱ የማይተሳሰር ሰው ማግኘት ነው። አንድ ጊዜ በቀበሌው የስፖርት ቀን የተጫዋቾችን ስም ስጠራ አላደናቀፈኝምና፣ ከዚያ ወዲያ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። አበል አለው ወይ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ፣ ሆድ አታስብሱኝ።

መሪያችን ስለ ልማትና ስለ ኢኮኖሚ ሰፊ ንግግር የሚያደርጉ ቀን ቀበሌ ውስጥ የተለየ ሥራ አለ። ሕዝቡ ይሰበሰባል፣ ንግግሩን በጋራ ይከታተላል። ሲያልቅ ውይይት ይከፈትና ሦስት ሰው እጁን ያወጣል፤ ሦስቱም ንግግሩ ወቅታዊ መሆኑን መስክረው ይቀመጣሉ። ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በዚያው ቀን "ኅብረተሰቡ በንቃት ተከታትሏል" የሚል ሪፖርት ወደ ላይ ይወጣል። ንግግሩን የሰማ ሰው መኖሩ እንደ ሁኔታው ነው። እኔ ራሴ ስንቱን ንግግር የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት እያዞርኩ አሳልፌዋለሁ።

የዚያን ቀን ስብሰባው የተጠራው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የገፈርሳ ግድብ ቁልቁል የሚታይበት ኮረብታ ላይ ነው። እዚያ የሚኖረው ገበሬ ነው። ጠዋት በሩን ሲከፍት ውሃው ሜዳ ሞልቶ ተኝቶ ያየዋል፤ የሚጠጣውን ግን የሚቀዳው ከኮረብታው ማዶ ካለች ምንጭ ነው፣ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት። የቧንቧው መስመር ከታች አስፋልቱ ዳር ደርሶ ቆሟል። ለምን እዚያ እንደቆመ የሚያብራራ ፋይል መዝገብ ቤታችን ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከማይገኙት አንዱ ነው።

የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ቴሌቪዥን ተተከለ፣ ሰው ግጥም ብሎ ሞላ፣ ሽማግሌዎቹ ከፊት ተቀመጡ። መሪያችን መናገር ጀመሩ። ገና ስንዴው ላይ ሳሉ መብራት ድርግም አለ።

መብራት መጥፋቱ አላስደነገጠንም፣ የለመድነው ነው። የደነገጠው የቀበሌያችን ሥራ አስኪያጅ አቶ ግርማ ነው። ሪፖርቱ "ሙሉ በሙሉ ተከታትሏል" ማለት አለበት፤ "እስከ ስንዴው ድረስ ተከታትሏል" የሚባል ሪፖርት የለም። ወዲያ ወዲህ ብሎ ብሎ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ስልክህ ሬዲዮ ያለው ነው አይደል አለኝ። ነው አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይቺ ናት፤ የለውም ብል ምን እሆን ነበር? ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ የሰማሁትን እየተቀበልኩ በኦሮምኛ ለሕዝቡ እንዳስተላልፍ አዘዘኝና፣ ራሱ መብራት ኃይል ሊደውል ወጣ።

ጀመርኩ። ላብ በላብ ሆንኩ እንጂ አልከፋም ነበር። መሪያችን ፋብሪካውን፣ መንገዱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ሥራ ፈጠራውን በአንድ ትንፋሽ ይዘው ሲያልፉ እኔ ከኋላ ከኋላቸው እየሮጥኩ የቻልኩትን እለቅማለሁ። ያልያዝኩትን "ሌላም ሌላም ብዙ መልካም ነገር" እያልኩ አልፈዋለሁ። ወደ አርባ ደቂቃ እንደሄድን ስልኬ ጢጥ አለና ጭጭ አለ።

እናንተዬ፣ እዚህ ላይ ያደረግኩትን ዛሬም አስቤ አልጨርሰውም። ማዳመጫውን ነቅሎ "ጌቶቼ፣ ባትሪ አለቀ" ማለት ምን ይከብዳል? ሁለት ቃል ነው። ግን መቶ ሰው አፌን አፌን ያያል፤ አቶ ግርማም ደጅ ሆኖ በበሩ ስንጥቅ በአንድ ዓይኑ ያየኛል። አንዲት የማውቃቸው እናት፣ አዴ ጫልቱ፣ ከምንጭ በቀጥታ መጥተው ጄሪካናቸውን እግራቸው መሀል አቁመው ከፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ትንሽ ጎንበስ ብለው "እሺ ከዚያስ?" በሚል ዓይን አዩኝ። ያኔ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ነገር ከአፌ ወጣ።

ቀጥለው መሪያችን ስለ ውሃ ተናገሩ አልኩ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ተረት በእኛ ዘመን መቅረት አለበት አሉ አልኩ። ግድብ አጠገብ እየኖረ ጄሪካን የሚሸከም ሰው ሊኖር አይገባም አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥታው ጣፈጠኝ መሰለኝ፣ ጨመርኩበት፦ ሕዝቡ በጉልበቱ ቦዩን ይቆፍር፣ መንግሥት ቧንቧውን ያመጣል፣ ይህም ከመስቀል በፊት ይሁን አሉ። ጭብጨባው ቆርቆሮውን አናወጠው። እኔም በሞተ ስልክ ጆሮዬን ደፍኜ፣ እንደሚሰማ ሰው ራሴን እየነቀነቅኩ፣ ሩብ ሰዓት አገር መራሁ። በመጨረሻም ፈጣሪ ኢትዮጵያን ይባርክ ብዬ ዘጋሁት። ይቺን እንኳ ሳይሏት አይቀሩም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ እንኳ ያን ያህል የሚሄድ አልመሰለኝም ነበር፤ ስብሰባ ላይ የተባለ ነገር ስብሰባ ላይ ነው የሚቀረው ብዬ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ "ስለ ውሃም ሰፊ ማብራሪያ ተሰጥቷል" ብዬ ጻፍኩ፤ አቶ ግርማ ሳያነብ ፈረመ፤ አበቃ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ፊርማ ላስፈርም ወደ ኮረብታው ወጣሁ። ከሩቅ ሰው ግር ብሎ ይታየኛል። ለቅሶ ነው መሰለኝ፣ ነጠላዬን ባለመያዜ ደንገጥ አልኩ። ጠጋ ስል ዶማና አካፋ ነው። ከአስፋልቱ ዳር ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣ ቦይ በደቦ እየተቆፈረ ነው፤ ወንዱ ይቆፍራል፣ ሴቱ አፈሩን ያወጣል። ከሁሉ የባሰው ግን ቦዩ የሚያልፍበት ቦታ ነው። ቀጥታው መስመር የኦቦ ለሜሳን የገብስ ማሳ መሀል ለመሀል ይሰነጥቀዋል።

ኦቦ ለሜሳ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ፣ ያለቻቸውም ያቺው አንዲት ማሳ ናት። ገብሱ ሊያሽት ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቀረው ነው። ገና አረንጓዴውን ራሳቸው በማጭድ በቦዩ መስመር ላይ ያጭዱታል። ለከብት ይሆናል አሉኝ ፈገግ ብለው። የዓመት ቀለባቸው እኮ ነው።

ወደ ጎን ሳብ አድርጌ፣ ኦቦ፣ ትንሽ ቢታገሱስ፣ ገብሱ እስኪደርስ እንኳ ብዬ ለመንኳቸው። ከመስቀል በፊት ተብሏል እኮ አሉኝ። ምናልባት ትርጉሙ ላይ ስቼ እንዳይሆን አልኩ፣ በጣም ቀስ ብዬ። አጠገባችን የሚቆፍር ጎረምሳ ሰማኝና ዶማውን አቁሞ፣ መሪ ያዘዘውን አንድ መዝገብ ቤት ሊያስቆም ነው እንዴ አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የፈራ ሰው ሳቅ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል።

ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች፤ ገብሱን ስነግራት ግን ሳቋን ዋጠችው። በለፈለፉ ይጠፉ ማለት አንተን ነው አለችኝና፣ ነገሩ እስኪበርድ ሰበታ እህቷ ጋ እንድሄድ መከረችኝ። ሰበታ! በሚኒባስ የሚደረስበት አገር ሽሽት ይባላል? የሚፈልገኝ ሰው ምሳውን በልቶ ይደርስብኛል። እህቷ ደግሞ ከፖሊስ ይልቅ ብዙ ጥያቄ የምትጠይቅ ሴት ናት።

ከዚያ አንድ ተስፋ መጣልኝ። ያልኩት ምናልባት ከሰማይ ተልኮልኝ ይሆናል፤ መሪያችንም እውነት ይህንኑ ብለው ይሆናል አልኩ። ሙሉውን ንግግር ከኢንተርኔት አውርጄ ሰማሁት። ደግሜ ሰማሁት። ሠልሼ ሰማሁት። ስለ ውሃ የተነገረው ስለ መስኖ ነው፤ እሱም ለሌላ አካባቢ ነው። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልናገር፤ በቀበሌያችን ንግግሩን ከዳር እስከ ዳር ያዳመጠ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ጥሩ ጥሩ ነገር አለበት። የምሰማው ግን እንደ ተከሳሽ ነበርና ምንም አልጣመኝም።

በየቀኑ ወደ ኮረብታው እያየሁ እሠቃያለሁ። ልናገር እላለሁ፣ አፌ አይከፈትም። ብናገር ከሥራ መባረሬ ነው፤ መሪ ሳይናገሩ ተናገሩ ማለት ምን እንደሚባል የሠራተኛ መተዳደሪያ ደንባችንን ገልጬ ፈልጌዋለሁ፣ ስሙ እንኳ የለም። ደንብ አውጪው እንዲህ ያለ ሞኝ ይመጣል ብሎ አላሰበም። ዝም ብል ደግሞ የሽማግሌው ገብስ በእኔ ውሸት እየታጨደ ነው። ያቺን ማሳ በሕልሜም በእውኔም አየኋት፤ እህል መብላት አስጠላኝ።

በሳምንቱ አቶ ግርማ ቢሮው አስጠራኝ። በሩን ራሱ ዘጋ፤ አቶ ግርማ በር የሚዘጋ ሰው አይደለም። አንዱ የሰፈሩ ልጅ የቁፋሮውን ፎቶ "የመሪያችን አቅጣጫ ወደ ተግባር" ብሎ ለጥፎት ከላይ ታይቷል፤ አንድ ኃላፊ ባለሙያ ይዘው ነገ ይመጣሉ አለኝ። ላቡን ጠረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

"ይሄ የቧንቧው ነገር ንግግሩ ውስጥ የት ጋ ነው ያለው?"

"መጨረሻው አካባቢ" አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። ለእሱም መጨረሻው አካባቢ እንደመሰለው ነገረኝ፤ ደጅ ቆሞ መብራት ኃይል ሲለምን እንደነበር እያወቅኩ። ከዚያም እዚያው ፊቴ ለጎረቤት ቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ደወለ። ያኛውም ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ አዎ፣ መጨረሻው አካባቢ ነው አለው። እነሱ ጋም መብራት አልነበረም። የዚያን ዕለት ከገፈርሳ እስከ መናገሻ ጨለማ ነበር፣ ማንም ግን አልሰማሁም ሊል አይደፍርም። ልቤ አንዴ ቀለል አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ኃላፊው ሰምተው እንደሆነስ የሚለው መጣብኝና መልሶ ከበደኝ።

በማግስቱ ነጭ ፒካፕ ኮረብታውን ወጣች። ኃላፊው ኮስተር ያሉ፣ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ጋር የውሃ ባለሙያ የተባለ መነጽራም አለ። ሰው ዶማውን ይዞ ቆመ። ቦዩ የኦቦ ለሜሳን ማሳ ጨርሶ አልፎ እላይ ሰፈሩ ደጅ ደርሷል፤ ገብሱ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ቆሟል፣ መሀሉ አፈር ብቻ ነው። ኃላፊው የቦዩ አፋፍ ላይ ቆመው ወደ ታች አዩ፣ ወደ ላይ አዩ።

"ይህን ቆፍሩ ያላችሁ ማን ነው?" አሉ።

አቶ ግርማ ወደ እኔ ዞረ። በቃ፣ አሁን ነው፣ እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ። ያ የማይተሳሰር የተባለ ምላስ። ያኔ ኦቦ ለሜሳ በትራቸውን ተደግፈው ወደፊት ወጡ። አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ፤ የዚያን ቀን ግን በኦሮምኛ ጀመሩና በዓይናቸው ወደ እኔ ጠቀሱ። አስተርጉም ማለታቸው ነው።

ከመሪያችን የሰማነው ነው አሉ። እኔም ከመሪያችን የሰማነው ነው ይላሉ ብዬ አስተረጎምኩ። ኦቦ ለሜሳ ትንሽ ጠበቁኝና ቀጠሉ። የቀረውን ቃል በቃል ነው የማስታውሰው፣ ምክንያቱም በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሰው ቃል አስተላልፌ አላውቅም።

"ጌታዬ፣ ኦቦ ለሜሳ የሚሉት፣ መሪያችን ይህን አላሉም የሚሉ ከሆነ እዚሁ ቆመው ለሕዝቡ ይንገሩልን ነው። ግድብ አጠገብ ያለ ሰው ውሃ ሊጠማው አይገባም የሚለውን መሪያችን አላሉም ይበሉን፤ እኛም ቦዩን መልሰን እንደፍናለን ነው የሚሉት።"

ኃላፊው ወደ ባለሙያው ዞሩ። ባለሙያው ስልኩን አወጣና የሚፈልገው ያለ ይመስል ሲነካካ ቆየ። አቶ ግርማ ሰማይ ሰማይ ያያል። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆምን አላውቅም፤ ለእኔ ከንግግሩ ይልቅ ረዝሞብኛል። አንዴ ኃላፊው ሊናገሩ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ተዉት። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ያው አቅጣጫው እንዳለ ነው አሉ። ባለሙያውም ፈጠን ብሎ፣ አዎ፣ መጨረሻው አካባቢ ነው አለ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቀለለ። ባለሙያው ሜትሩን አውጥቶ የቦዩን ጥልቀት ለካ፤ ደረጃውን የጠበቀ ነው አለ። ኃላፊው አካፋ ይዘው ፎቶ ተነሱ። የቧንቧውን ጉዳይ ለሚመለከተው እናቀርባለን አሉ፣ አቶ ግርማ ማስታወሻው ላይ ጻፈ፣ አዴ ጫልቱ እልል አሉ፣ ፒካፗ ቁልቁል ወረደች። ቧንቧው መቼ እንደሚመጣ የጠየቀም የመለሰም የለም።

ሰው ወደ ቁፋሮው ሲመለስ እኔ ኦቦ ለሜሳ ጋ ሄድኩ። ከተቆረጠው ገብስ አጠገብ አፈሩ ላይ ተቀምጠዋል። እኔም ተቀመጥኩ። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ኦቦ፣ ይማሩኝ አልኩ። ያን ቀን ስልኬ ጠፍቶ ነበር፣ የቧንቧውን ነገር መሪያችን አላሉም፣ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ማሳዎን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ ብዬ እንባዬ መጣ። ትልቅ ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ አፈር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በማሳው ለሁለት መከፈል አንጀቴ እንዴት እንደተቃጠለ በየትኛው ቋንቋ ልንገራቸው?

ኦቦ ለሜሳ የገብስ ዛላ አንስተው በጣታቸው ፈተጉት፤ ፍሬው ገና ወተት ነው።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እሱን እኮ ያን ቀኑን አውቄያለሁ" አሉኝ። "መጀመሪያ መሬት መሬት እያየህ ነበር የምትናገረው። በኋላ ቀና ብለህ እኛን ማየት ጀመርክ። የሰው ቃል የሚያቀብል ሰው አድማጩን አያይም።"

"ታዲያ እያወቁ ገብስዎን ለምን አጨዱ?"

"ለንግግርማ ስንት ዘመን አጨበጨብን። ባዶ ሜዳ ያየ ሹም ንግግር ይዞ ይመጣል። የተቆፈረ ቦይ ያየ ግን ወይ ቧንቧ ያመጣል፣ ወይ አላመጣም ብሎ ያፍራል። እኔ ገብሴን አዋጣሁ፤ አንተ ውሸትህን አዋጣህ። ያላዋጡት እነሱ ብቻ ናቸው።"

ይህን ብለው በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሱና፣ አፈሩ ላይ የተጋደመውን አካፋ በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ጫማዬን አውልቄ ቦዩ ውስጥ ወረድኩ።